ሆስፒታል ደህና ውላ ቤት ስትገባ ለምን ይብስባታል?

ከአዳማ የተላከ ጥያቄ፦ «የ11 ዓመት ልጄ ጉልበቷ ላይ የአጥንት ካንሰር ተገኝቶባት በየሦስት ሳምንቱ አዲስ አበባ እየወሰድኳት ሲስፕላቲንና ቀዩን መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲን የሚሉትን፣ ትወስዳለች። ክብደቷ 28 ኪሎ ነው። መድኃኒቱ በሚሰጥባቸው ቀናት ብዙም አታስመልስም። አዳማ ከገባን በማግስቱ ግን ይጀምራትና እስከ አራተኛው ቀን ድረስ ውሃ እንኳ አይቆይላትም። በሦስተኛው ዙር ከሰፈር ፋርማሲ ፕላሲል ገዝቼ ጠዋት፣ ቀንና ማታ አንድ አንድ ፍሬ ሰጠኋት። በሁለተኛው ቀን አንገቷ ወደ ጎን ተጣመመ፣ ዓይኗም ወደ ላይ ተሰቅሎ ቀረ፤ ከሰዓታት በኋላ ለቀቃት። ጎረቤት ‹ተለክፋ ነው› ይላል። አማቴ ደግሞ ‹ትውከቱ መርዙን እያወጣላት ነውና አታስቁሚው› ይሉኛል። አሁን ከዚህ ሁሉ በላይ ገና ሚኒባስ ውስጥ ስንገባ ማስመለስ ጀምራለች። ቢያንስ አራተኛውን ዙር ባስቀርላትስ?»

ምላሽ፦

አራተኛው ዙር መቅረት የለበትም። መቅረት ያለበት ፕላሲሉ ነው፤ እጅዎ ላይ የቀረ ካለ ከዛሬ ጀምሮ አይስጧት። በጻፉት ውስጥ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ተቀላቅለዋል፦ ከኬሞ (በደም ሥር ከሚሰጣት የካንሰር መድኃኒት) በኋላ ዘግይቶ የሚመጣ ትውከት፣ ከፕላሲል የመጣ የጡንቻ መኮማተር፣ እና መድኃኒቱ ገና ሳይሰጥ በትዝታ ብቻ የሚነሳ ትውከት። የሦስቱም መነሻ ለየቅል ስለሆነ አንዱን የሚያስታግሰው ሌላውን አይነካውም።

ከአንገቷ እንጀምር፤ ቤተሰቡን ከሁሉ በላይ ያስደነገጠው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ልጅዎን ማንም አልለከፋትም፣ የሚጥል በሽታም አልያዛትም። የፕላሲል የመድኃኒት ስም ሜቶክሎፕራማይድ ነው። ትውከትን የሚያበርደው ዶፓሚን የሚባለው ኬሚካል አንጎል ውስጥ እንዳይሠራ በመዝጋት ነው። ይኸው ዶፓሚን የጡንቻን እንቅስቃሴም ስለሚያስተካክል፣ ሲዘጋ አንገት ይጣመማል፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል፣ አንዳንዴም መንጋጋ ይቆለፋል ወይም ምላስ ወደ ውጭ ይወጣል። የሚጥል በሽታ ብዙ ጊዜ ራስን ያስታል። ይህ ግን አያስትም፤ ልጅቷ የሚሆነውን ሁሉ እያወቀች ነው የምታሳልፈው፤ ስለዚህ በእጅጉ ያስፈራታል። በልጆችና በወጣቶች ላይ ከአዋቂ ይልቅ ይበዛል።

መጠኑም በዝቶባታል። ለልጆች ሜቶክሎፕራማይድ በአንድ ጊዜ ከ0.15 ሚሊግራም በኪሎ፣ በቀን ከ3 ጊዜ፣ በተከታታይም ከ5 ቀን እንዲያልፍ አይፈቀድም። በ28 ኪሎ ሲሰላ በአንድ ጊዜ 4 ሚሊግራም ገደማ ነው። አንዱ ፍሬ ግን 10 ሚሊግራም ይዟል፤ ማለትም ልጅዎ በየጊዜው የወሰደችው ከሚገባት በእጥፍ የሚበልጥ፣ ለአዋቂ የሚታዘዘውን ነው። የሸጠልዎ ሰው ክብደቷን መጠየቅ ነበረበት። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ መጣመም ካዩ እስኪለቃት አይጠብቁ፤ የወሰደችውን መድኃኒት ማሸጊያ ይዘው አቅራቢያዎ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ዳይፈንሃይድራሚን ወይም ፕሮሜታዚን በመርፌ ሲሰጣት ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃታል። በቀጣዩ ቀጠሮ ደግሞ «ሜቶክሎፕራማይድ አንገት አጣሞባታል» የሚል ቃል ካርዷ ላይ በጉልህ እንዲጻፍ ያድርጉ። ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚንም የዚሁ ቤተሰብ ስለሆኑ፣ ሌላ ሐኪም ቢያዝላት ይህን አውቆ ማዘዝ አለበት።

አማትዎ የሚሉትን ብዙ ቤተሰብ ያምንበታል፤ ኮሶ አስታውኮ ወይም አስቀምጦ እንደሚያነጻ ከሚታወቅበት አገር መምጣቱም አይገርምም። ኬሞው ግን በደም ሥር ነው የገባው። ሆድ ውስጥ የለም፣ በትውከትም አይወጣም። ሲስፕላቲን በዋናነት የሚወገደው በኩላሊት፣ ከሽንት ጋር፣ በቀናት ውስጥ ነው። እንግዲህ «መርዙ ይውጣላት» ከተባለ መውጫው ሽንት ነው፤ ሽንት እንዲኖር ደግሞ ውሃ ሆዷ ውስጥ መቆየት አለበት። ሲስፕላቲን ራሱ ኩላሊትን የሚጎዳ መድኃኒት በመሆኑ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን እያስመለሰች ሰውነቷ ሲደርቅ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። ብዙ ማስመለሷም ኬሞው ዕጢውን «እየመታው» ለመሆኑ ምልክት አይደለም። ፈጽሞ ሳያስመልሱ የሚድኑ ልጆች አሉ፤ እጅግ እያስመለሱም ዕጢያቸው የማይቀንስ አሉ።

ታዲያ ለምን ዘግይቶ ይመጣል? ኬሞው በተሰጠ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ትውከቱን የሚቀሰቅሰው በአብዛኛው ሴሮቶኒን የሚባል ኬሚካል ነው። መድኃኒቱ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ሴሎች ሲጎዳ ይህ ኬሚካል ይለቀቃል፤ ከአንጀት ወደ አንጎል ግንድ የሚሄደውን ነርቭ ይነካና «አስመልስ» የሚለው ትእዛዝ ይወጣል። ሆስፒታል የሚሰጣት ኦንዳንሴትሮን የሚዘጋው ይህንን መንገድ ነው፤ በሚገባም ይዘጋዋል፤ የመጀመሪያውን ቀን ደህና የምትውለው ለዚህ ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ ግን ሌላ ኬሚካል፣ ሰብስታንስ ፒ የተባለው፣ በአንጎል ውስጥ በሌላ በር ይገባል። የሲስፕላቲን ዘግይቶ የሚመጣ ትውከት ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል፣ እስከ አምስተኛው ቀንም ሊዘልቅ ይችላል። በዚያ ሰዓት ኦንዳንሴትሮን ብቻውን አቅም የለውም። ልጅዎ ላይ ያዩት ነገር በመጽሐፍ እንደተጻፈው የሲስፕላቲን ጠባይ ነው፤ አዳማ መግባታችሁ ከዚያ ሰዓት ጋር ስለገጠመ ብቻ ጥፋቱ የቤት ወይም የምግብ መሰለ።

እዚህ ላይ ሌላ የተለመደ ስህተት አለ፦ መድኃኒቱን ትውከት እስኪመጣ ጠብቆ መስጠት። የተጀመረ ትውከትን ማስቆም፣ ከመነሻው እንዳይመጣ ከመከላከል ይልቅ እጅግ ይከብዳል። ልጅቷ አምስት ጊዜ ካስመለሰች በኋላ ፍሬ ፍለጋ መሮጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። መድኃኒቶቹ የሚሰጡት በሰዓት ነው፤ ደህና ብትመስልም፣ «ዛሬ እኮ ምንም አላላትም» ቢባልም፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይሰጣሉ።

ሲስፕላቲንን ለሚወስድ ልጅ ተገቢው መከላከያ ሦስት መድኃኒቶችን ያጣምራል። አሁን የምዘረዝረውን ይዘው ለሐኪሟ ያሳዩ እንጂ ራስዎ ገዝተው አይጀምሩት፤ መጠኑ በኩላሊቷ፣ በልቧና አብረው በሚሰጡ ሌሎች መድኃኒቶች ይወሰናል። የመጀመሪያው ኦንዳንሴትሮን ነው፤ በአንድ ጊዜ 0.15 ሚሊግራም በኪሎ፣ ለእርሷ 4 ሚሊግራም፣ ኬሞው ከመጀመሩ ከግማሽ ሰዓት በፊት፣ ከዚያም ኬሞው በሚሰጥባቸው ቀናት ሁሉ በየ8 ሰዓቱ። ሁለተኛው ዴክሳሜታዞን ነው። ይህ ስቴሮይድ በዘገየው ትውከት ላይ ጉልበት አለው። ስቴሮይድ የሕክምናቸው አካል በሆነባቸው የደም ካንሰር ልጆችና በአንዳንድ የአንጎል ዕጢዎች ለትውከት ተብሎ አይጨመርም፤ ልጅዎ ባለባት የአጥንት ካንሰር ግን ብዙውን ጊዜ ይሰጣል። እንቅልፍ ስለሚነሳ የቀኑ የመጨረሻ መጠን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ ባያልፍ ይመረጣል። ሦስተኛው አፕሪፒታንት ነው፤ ያን ሁለተኛውን በር፣ የሰብስታንስ ፒን፣ የሚዘጋው እሱ ነው። ለልጆች በመጀመሪያው ቀን 3 ሚሊግራም በኪሎ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን 2 ሚሊግራም በኪሎ ይሰጣል፤ በእርሷ ክብደት 84 እና 56 ሚሊግራም መሆኑ ነው። እንክብሎቹ የሚመጡት ግን በ125 እና በ80 ሚሊግራም ስለሆነ እንዴት እንደሚከፈል የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ያስላው፤ እቤት ከፍቶ በግምት መክፈል አይሠራም። አፕሪፒታንት ሲጨመር የዴክሳሜታዞን መጠን በግማሽ ይቀንሳል፤ አፕሪፒታንት የዴክሳሜታዞንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋልና።

አፕሪፒታንት በየፋርማሲው የሚገኝ አይደለም፣ ሲገኝም ይወደዳል። ካልተገኘ እንደ አማራጭ ማንሳት የሚገባው ኦላንዛፒን ነው። መጠኑ 0.1 ሚሊግራም በኪሎ ገደማ፣ ለእርሷ 2.5 ሚሊግራም፣ ማታ ስትተኛ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከኬሞው ቀን ጀምሮ ለ4 ቀን ያህል። ዋጋው ቀላል ነው፤ ዘግይቶ በሚመጣውም ትውከት ሆነ በማቅለሽለሹ ላይ በደንብ ይሠራል። ፋርማሲ ሲሄዱ «ይህ እኮ የአእምሮ ሕሙማን መድኃኒት ነው» ሊሉዎት ይችላሉ። ልክ ናቸው፤ ለዚያም ይሰጣል፣ በከፍተኛ መጠንና ለረጅም ጊዜ። በዚህ መጠንና ለጥቂት ቀናት ሲሰጥ ዋናው ጉዳቱ እንቅልፍ ነው፤ በማግስቱ ድብት ብላ ብታረፍድ አይደንግጡ፣ ስትነሳ ግን እንዳትወድቅ ደግፏት። እሱም ዶፓሚንን የሚነካ በመሆኑ የፕላሲሉ ታሪክ ሳይነገር አይታዘዝም፤ ከፕላሲል ጋርም በፍጹም አብሮ አይሰጥም።

የዋጠችውን መልሳ ካወጣችው፦ ፍሬው ትውከቱ ውስጥ ከታየ ወይም ከዋጠች ግማሽ ሰዓት ካልሞላ ያንኑ መጠን አንዴ ይድገሙላት። አንድ ሰዓት ካለፈ አይደገምም፤ በመካከል ከሆነ ደውለው ይጠይቁ። ይህ ደንብ ለማስታገሻዎቹ ብቻ ነው። በአፍ የሚወሰድ ኬሞ ያላቸው ልጆች ወላጆች ሳይጠይቁ ኬሞ መድገም የለባቸውም። በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒት ግን ነጭ የደም ሴሏ በሚወርድባቸው ቀናት ለኢንፌክሽን በር ስለሚከፍት አይሞከርም። ኦንዳንሴትሮን ሆድ ያደርቃል፤ የደረቀ ሆድ ደግሞ ራሱ ያቅለሸልሻል። ሦስት ቀን ሰገራ ካልወጣት የሚያለሰልስ ሽሮፕ ይታዘዝላታል። በሳሙና ውሃ ሆድ ማጠብ ክልክል ነው።

አሁን ወደ ውሃው። ለ28 ኪሎ ልጅ በቀን የሚያስፈልገው ፈሳሽ 1.6 ሊትር ገደማ ነው፤ በአዳማ ሙቀት ደግሞ ከዚህ ከፍ ይላል። ጥያቄው እንዴት ሆዷ ውስጥ ይቆይ ነው። ካስመለሰች በኋላ 10 ደቂቃ ምንም አይስጧት። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ሚሊ ሊትር፣ በየ2 ወይም 3 ደቂቃው ይስጧት፤ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ከማንኪያ ይሻላል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን በሰዓት ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ነው፣ በቀኑ ውስጥ 12 ሰዓት ከተቀጠለ የቀኑን ፍላጎት ይሸፍናል። አብዛኛው ቤተሰብ የሚሳሳተው ልጅቷ ጠምቷት ስትለምን አንድ ብርጭቆ ሙሉ በመስጠት ነው፤ የተወጠረ ጨጓራ ወዲያው ይመልሰዋል፣ ከዚያ «ውሃ እንኳ አልቆየላትም» ይባላል። ፈሳሹ ከየፋርማሲው የሚገኘው ኦአርኤስ፣ ብዙ ሰው ለምለም የሚለው፣ ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱን ከረጢት ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ በጥብጠው፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ይድፉ። ጨው ጨው ካላት በጣም አቀዝቅዘው ይሞክሩ። ለስላሳ መጠጥ በትንሹ መጎንጨት ክልክል ባይሆንም የጠፋውን ጨው አይተካም፣ ስኳሩም ሲበዛ ተቅማጥ ይጨምራል።

ሽንቷን ይከታተሉ። 8 ሰዓት ሙሉ ካልሸናች ማንኪያውን ትተው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ በደም ሥር ፈሳሽ ያስፈልጋታል። እግረ መንገድም ክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ ፖታስየምና ማግኒዥየም ይለኩላት፤ ሲስፕላቲን ማግኒዥየምን ከሰውነት ያሟጥጣልና። ዶክሶሩቢሲን ሽንትን ለአንድ ሁለት ቀን ያቀላል፤ ደም አይደለም። ለሕመም ተብሎ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እንዳይሰጣት፣ የተጨነቀ ኩላሊት ላይ ሌላ ሸክም ነው።

ምግቡ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሦስትና አራት ቀን በትንሹ ብትበላ አትጎዳም፣ በግድ ማጉረስ ግን ይጎዳል። ከሚበላው ይልቅ የሚሸተው ነው የሚያስቸግረው። ቁሌት፣ የበርበሬ ቅመም፣ ቡና ሲቆላ፣ እጣንና ከሰል በእነዚያ ቀናት ከምትተኛበት ክፍል ይራቁ። ጠያቂ ሲመጣ ቡና መፍላቱ አይቀርም፤ ጎረቤት ቤት ይፈላ። ትኩስ ምግብ ሽታው ስለሚበረታ ለብ ያለ ወይም የቀዘቀዘ ይሻላል፦ ደረቅ ዳቦ፣ ቂጣ፣ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ቀጭን አጥሚት፣ በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት። ወተት ከሆነ የፈላ ብቻ። የምትወደውን ምግብ በኬሞው ቀን አይስጧት፤ ከትውከቱ ጋር ይያያዝባትና ለወራት ሊያስጠላት ይችላል። ጾም ከሆነ የታመመ ልጅ እንደማይገደድ የንስሐ አባትዎ ይነግሩዎታል።

ቀጭን የዝንጅብል ሻይ ከወደደችው ይጠጣ፤ ትውከቱን ያቆማል ብለው ግን መድኃኒቱን አይተኩበት። የዳማከሴ ጭማቂ፣ ጤና አዳምና የተበጠበጠ ፌጦ ይቅሩ፤ ያልፈላ ቅጠል ጀርም ይዞ ይገባል፣ አንዳንዱም ጨጓራን ይቆጠቁጣል። ስለ ጠበልም ይጠየቃል። እምነቱን የሚነካ ነገር የለኝም፤ ነጭ የደም ሴል በወረደበት ጊዜ ግን ያልፈላ ውሃ መጠጣት፣ ምንጩ የትም ይሁን፣ አደጋ ነው። አስመላሽ ጠበል ደግሞ ከሲስፕላቲን በኋላ ባለው ሳምንት ጨርሶ አይሆንም። መስቀል መሳለሙና ጸሎቱ በነበረበት ይቀጥል፤ ስለሚጠጣው ግን ከካህኑ ጋር በግልጽ ይነጋገሩ።

ሚኒባስ ውስጥ የሚጀምራት ትውከት ሌላ ነው። አንጎሏ ሦስት ዙር ሙሉ መንገዱን፣ የሆስፒታሉን ሽታ፣ የአልኮል ጥጡን ከትውከት ጋር አያይዞ ተምሯል፤ ስለዚህ ፍንጩን ሲያይ መድኃኒቱን አይጠብቅም። «እያስመሰለች ነው» ወይም «ፈሪ ሆነች» አይባልም፤ በፈቃዷ የምታመጣው አይደለም። ኦንዳንሴትሮን ይህን አይነካውም። የሚረዳው ሎራዜፓም ወይም መሰል ማረጋጊያ ነው፤ በዋዜማው ማታና በጠዋቱ በትንሽ መጠን በሐኪም ይታዘዛል። ኦላንዛፒንም የሚጀመርላት ከሆነ ሁለቱ ተደራርበው እንዳያደነዝዟት ሐኪሙ አብሮ ማየት አለበት። ከመድኃኒቱ እኩል ደግሞ ፍንጮቹን መቀየር ይጠቅማል። በዋዜማው ስለ ቀጠሮው ደጋግመው አያውሩ። ጨለማ ሳይነጋ በባዶ ሆድ ከመነሳት፣ ከጉዞው ሁለት ሰዓት ያህል በፊት ቂጣ ወይም ዳቦ ትቅመስ። የፊት ወንበር ላይ ትቀመጥ፣ መስኮት ይከፈት፣ ሩቅ ትመልከት፤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ አንገት ደፍቶ ስልክ ማየት ጤነኛውንም ያቅለሸልሻል። ትውከት መያዣ ፌስታሉን ከቦርሳዎ ያኑሩት እንጂ ገና ሲሳፈሩ እጇ ላይ አያስይዟት። ተራ በተራ የሚባል እንቆቅልሽ፣ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ተረት፣ በርቀት የምታውቃቸውን ቦታዎች እየጠሩ ማስገመት ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደሉም፤ በጥናት የተደገፈ ሕክምና ናቸው።

ከተቻለ በዋዜማው አዲስ አበባ ገብታችሁ እደሩ፤ የመንገድ ማቅለሽለሽ ከኬሞው ቀን ይለያል። ዘመድ ከሌለዎት የሆስፒታሉን ማኅበራዊ ሠራተኛ ይጠይቁ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲና ተስፋ አዲስ የሕፃናት ካንሰር ወላጆች ድርጅት ከሌላ ከተማ ለሚመጡ ቤተሰቦች ማረፊያ በማመቻቸት ይታወቃሉ።

ትውከት ሁሉ የኬሞ አይደለም። ከአምስተኛው ቀን በኋላ እንደ አዲስ ከጀመረ፣ አረንጓዴ ወይም ደም ወይም የቡና አተላ ከመሰለ፣ ሆዷ ከተነፋና አጥብቆ ካመማት፣ ጠዋት ጠዋት ከራስ ምታት ጋር ከሆነ ወይም ልትነቃ ካልቻለች ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። ከሁሉም በላይ ትኩሳት፦ ነጭ የደም ሴሏ በአብዛኛው ከኬሞው በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ይወርዳል። በብብት 38 ዲግሪ ከደረሰ ሰዓቱ ሌሊትም ቢሆን ይነሱ። ሳይለኩ ፓራሲታሞል አይስጧት፤ ትኩሳቱን ይደብቀዋል። በዚያ ሰዓት ወደ አዲስ አበባ አይጓዙ። አዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ወይም ከዚያ የሚቀርብዎ ሆስፒታል ገብታ የደም ሥር አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለባት፤ ሐኪሟን በስልክ የሚያገኙት እዚያ ሆነው ነው። አዳማ የወባ አካባቢ ስለሆነ የወባ ምርመራ አብሮ ይሠራ። «ታይፎይድ ነው» ተብላ ክኒን ይዛ ወደ ቤት እንዳትመለስ ግን ካርዷን አውጥተው «ኬሞ ላይ ናት፣ የመጨረሻው ይህን ቀን ነው» ብለው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይናገሩ።

ትውከቷንና ሽንቷን ሲያጸዱ ጓንት ያድርጉ፤ ኬሞው ከተጠናቀቀ በኋላ ቢያንስ ለ48 ሰዓት፣ ለሲስፕላቲን እስከ ሳምንት። ነፍሰ ጡር አታጽዳው። የተነካ ልብስና አንሶላ ለብቻው ሁለት ጊዜ ይታጠብ።

ዙሩን ስለ ማስቀረት፦ ይህን ዓይነት የአጥንት ካንሰር በቀዶ ሕክምና ብቻ ይታከም በነበረበት ዘመን ከ10 ልጆች 8ቱ ገደማ በሽታው ተመልሶ፣ በአብዛኛው ሳንባ ላይ፣ ይወጣባቸው ነበር። ያንን የለወጠው ልጅዎን የሚያስመልሳት ይኸው ኬሞ ነው። ዙር መዝለል ወይም በራስ ውሳኔ ማራዘም የተረፉት ሴሎች እንዲያገግሙ ጊዜ ይሰጣል። መዘግየት ካለበት በደም ምርመራ ውጤት ተመሥርቶ ሐኪሟ ይወስናል፤ ትውከት ግን ለመዝለል በቂ ምክንያት አይደለም፣ የማስታገሻውን ዕቅድ ለመቀየር ነው።

ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት አንድ ደብተር ያዘጋጁ፦ በሦስተኛው ዙር በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ጊዜ እንዳስመለሰች፣ ምን እንደወሰደች፣ መቼ እንደሸናች የሚያስታውሱትን ይጻፉ። ሐኪሟ ይህን ካላየ «በሆስፒታል ደህና ነበረች» የሚለውን ብቻ ነው የሚያየው። ከኬሞው በፊት፣ አልጋ ከመያዛችሁ አስቀድሞ፣ ይህን በግልጽ ይጠይቁ፦ «ከኬሞው በኋላ ላለው ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ምን ትወስዳለች? መጠኑና ሰዓቱ ይጻፍልኝ።» ቀኑ የሚቆጠረው ከመጨረሻው የሲስፕላቲን ጠብታ ጀምሮ ነው፤ በሁለት ቀን ከተሰጣት ከሁለተኛው። መድኃኒቶቹን አዳማ ደርሼ እገዛለሁ አይበሉ፤ እዚያው በእጅዎ ይዘው ይውጡ፣ የሚደውሉበትንም ስልክ ይቀበሉ። ሦስት መድኃኒት ተጣምሮም የሚያስመልስ ልጅ አለ፣ ማቅለሽለሹ ደግሞ ከትውከቱ ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ «ጨርሶ አያስመልሳትም» ብሎ ቃል የሚገባልዎ ሰው የለም። በታዘዘው ላይ እያለች በቀን ከሁለት ጊዜ በላይ ካስመለሰች ደውለው ያሳውቁ፤ የሚጨመር መድኃኒት አለና በዚያው ዙር ይጨመርላታል፣ የአምስተኛው ዙር ዕቅድም በዚያ ይስተካከላል።